ለቀሪው የሚሆን ቦታ

ሽማግሌው ዊብረን ስልክ ሊገዙ የመጡ ዕለት ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው። ነፋሱ ከባሕር በኩል እየገፋው በዶኩም ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ አግድም ይሮጣል፤ ዣንጥላ የያዘ ሰው ሁሉ እንደ ጋሻ ወደ ፊት ደቅኖ ነው የሚሄደው። የስልክ መሸጫው ምንጣፍ ውሃ ጠግቦ ሲረግጡት ይተፋ ነበር። ሻጯ ሚንከ ወለሉን ሁለት ጊዜ ወልውላ፣ ሦስተኛውን ትታ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ መንገዱን ታያለች።

ዊብረን ገብተው ምንጣፉ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በበሩ ወደ ውጭ አራገፉ።

«ይግቡ እንጂ» አለቻቸው።

«ወለልሽን አላበላሽም። እስክደርቅ እዚሁ ልቁም።»

«እንደዚያ ከሆነ ፋሲካን እዚሁ ሊያከብሩ ነው።»

ፈገግ አሉና ገቡ። ሚንከ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። እሷ ባደገችበት መንደር የበረዶ አለቃ ናቸው፤ ቦዩ በረዶ ሲሠራ መሰርሰሪያቸውን ይዘው እየበሱ ውፍረቱን የሚለኩት፣ ሰው ይውጣበት አይውጣበት የሚሉት እሳቸው ናቸው። ልጆች የመንሸራተቻ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ዳር ቆመው ሲለምኗቸው፣ አባቶችም ሲጨቀጭቋቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልጠነከረውን ጠንክሯል ብለው አያውቁም። አልደረሰም ካሉ አልደረሰም ነው።

«የበረዶ ማኅበሩ ነው የላከኝ» አሉ። «ባለቁልፉ ስልክህ አይበቃም አሉኝ። ሁሉም በቡድን ነው የሚጻጻፈው፣ አለቃው ብቻ ነው የማይሰማው። ሲትስከም ከመሰርሰሪያህ ሌላ አንድ ነገር መያዝ ልመድ ብላ ከቤት አስወጣችኝ።»

ሲትስከ ሚስታቸው ናቸው።

ሚንከ ትምህርት ያቋረጠችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዳቦ ቤት ገባች፤ ባለስኳሩን ዳቦ በወረቀት እየጠቀለለች፣ የሰውን ሁሉ ልደትና ቀብር በሚታዘዘው ኬክ እያወቀች፣ ዳቦ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው አረጀች ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያገኘችው የስልኩን ሱቅ ነው። ስለ ስልክ ምንም አታውቅም ነበር። ማወቅም አላስፈለጋት። ያስፈለጋት ደረጃውን ማወቅ ነበር።

ደረጃ የሚለው ዮርን ነው፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል የሱቁ ኃላፊ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱንም ከላይ ያሉት ናቸው እንደዚያ ያስተማሩት። ሥራ በጀመረች ሰሞን ማሳያ ጠረጴዛው ፊት አቁሞ አስረዳት። በግራ ዳር ያለው ትንሹ ነው። በትልልቅ ቁጥር መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የእሱ ነው፤ ሰው ወደ ውስጥ የሚገባው ያንን አይቶ ነው።

«እሱን ግን አንሸጠውም» አላት።

«ታዲያ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?»

«ምንጣፍ ነው። ሰው ረግጦት ይገባል እንጂ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ አይወስደውም።»

ከትንሹ ቀጥሎ ያለው መልኩም ሥራውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ ያለው ቦታ ነው፣ እጥፍ ይይዛል። ለዚያች እጥፍ መቶ ዩሮ ይጨመራል። ፋብሪካውን የሚያስወጣው ግን የአንድ ምሳ ዋጋ እንኳ አይሞላም ይላል ዮርን፣ እየሳቀ። መቶውን ለመጨመር ልቡን ያሳመነ ሰው ቀና ሲል ደግሞ የተሻለው ሞዴል ፊቱ ቆሟል። «እስከዚህ ከመጣሁማ» ይላል። የተሻለውም በተራው ትንሽ አለው፣ ትልቅ አለው። ሰውየው እንዲህ እያለ በገዛ እግሩ ደረጃውን ይወጣል፤ ማንም ገፋኝ አይልም። ሻጭ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የልጅ ልጅ አለዎት?» አለኝ ካሉ አለቀ። ለልጅ ልጁ ፎቶ ቦታ የሚሰስት አያት የለም።

ሚንከ ያንን ጥያቄ ለዓመታት ጠየቀች። በትንሹ ዋጋ ተስበው የገቡ ጡረተኞች ትልቁን በከረጢት አንጠልጥለው ሲወጡ በሩን ከፈተችላቸው። አብዛኞቹ ከመደወል በቀር ምንም እንደማያደርጉበት ታውቃለች። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስታገኛቸው ዓይኗን ወደ ዓሣው ታዞራለች።

ስለዚህ ያን ቀን፣ እኚያ ሰው ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ፊቷ ሲቆሙ፣ ለአንድ ቀን እንኳ እውነቱን ልናገር አለች።

«ፎቶ ያነሳሉ?»

«የምን ፎቶ? እዚህ አገር ያለውን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ።»

«ሙዚቃስ? ፊልም?»

«ሲትስከ አለችልኝ። እሷን አድምጬ መች ጨረስኩና።»

«የልጅ ልጅ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ዌልሙት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከእናቷ ጋር በር ላይ ተጣልታ ወደ ሮተርዳም ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ምን እንደተባባሉ በመንደሩ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም።

«እንግዲያው ልንገርዎት» አለች ሚንከ። «ትንሹ ይበቃዎታል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ የእርስዎ አይደለም፤ ግማሹን ያህል ስልኩ ራሱ ይበላዋል። ግን ለሚደውልና መልእክት ለሚያነብ ሰው የቀረው ይበቃል።»

«ገበሬም እንደዚሁ ነው» አሉ። «ላሞቹ ይበሉና በተረፈው ይኖራል።»

ሲወጡ ዮርን ከጓዳ ብቅ አለ። «ምንጣፉን ሸጥሽው?»

«ሸጥኩት።»

«እንግዲህ ዝናብ ነው ዛሬ፤ ይሁንልሽ» አለና ተመልሶ ገባ።

ያን ቀን ብስክሌቷን እየነዳች ወደ ቤቷ ስትመለስ ነፋሱ ፊቷን ቢመታትም ቀልሏት ነበር። ያልታሰባት አንድ ነገር ነው። እሳቸው የሚልኩትን ጠየቀች፤ የሚላክላቸውን አልጠየቀችም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ የድሮው ክረምት ሆነ። ለስንት ዓመት ዳክዬ ሲዋኝበት የከረመው ቦይ፣ ጥር ላይ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ሙሉ በሙሉ በረዶ ሠራ። መንደሩ አበደ። የማኅበሩ አባላት እያንዳንዳቸው በየደጃቸው ያለውን ቦይ በቪዲዮ እየቀረጹ ለአለቃው ይልኩ ጀመር። አንዱ በተረከዙ ሲመታው፣ አንዱ ድንጋይ ሲያንሸራትትበትና በረዶው ሲያፏጭ፣ አንዱ ውሻውን ሲያስሮጥበት። «ዊብረን፣ ይህስ?» ይላል አንዱ። «የእኛ ጓሮ ጠንክሯል፤ ያልጠነከርከው አንተ ብቻ ነህ» ይላል ሌላው። እሳቸው አይተው «ነገ መጥቼ እበሳዋለሁ» ብለው ይመልሳሉ። የታየው ሁሉ ስልኩ ውስጥ እንደሚቀር አያውቁም። ስልኩ ሳያስጠነቅቃቸው አልቀረም፤ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ስለሚጽፍ ማንበቡን ትተውት ነበር።

ሲትስከ ከመጸው ጀምሮ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ጉንፋን ነው ሲባል ቆይቶ ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሞቹ ማንቁርታቸውን እናወጣዋለን፣ ነፍስ ይተርፋል፣ ድምፅ ግን አይኖርም አሉ። ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሲትስከ ጥሩውን ሹራባቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ሚንከ የሰማችው ኋላ ከዊብረን ነው።

«ለዌልሙት መናገር እፈልጋለሁ» አሉ ሲትስከ። «ስደውልላት አታነሳም። ይህን ግን ልቧ ደስ ባለው ቀን ትከፍተዋለች።»

«ጻፊላት እንጂ።»

«እኔ ስጽፍ የገበያ ዝርዝር ነው የሚመስለው። እናቷ መሆኔን በድምፄ ካልሆነ በምን ታውቃለች? ደግሞ ያንን ዕቃ እያየህ እንዳትቀርጸኝ። እኔን እያየህ።»

በዚያ ቤት ሰው ሲናገር ስልክ ማየት ነውር ነው። ዊብረን ስልኩን ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጋር አስደገፉት፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው አዞሩ። ሲትስከ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገሩ። በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ውሃ እየተጎነጩ፣ እያረፉ፣ አንድ ጊዜ እየሳቁ። ዊብረን ወደ ስልኩ አልዞሩም። በመጨረሻ «በቃኝ፣ አጥፋው» ሲሏቸው ስልኩ ጨልሞ አገኙት። ራሱ አረፈ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ሲትስከ ከቀዶ ጥገናው አልተመለሱም። ልባቸው ነው እምቢ ያለው ተባለ።

የተቀበሩ ዕለት በረዶው ደረሰ። ዊብረን ጠዋት መሰርሰሪያቸውን ይዘው ወጥተው በሱ፣ ለኩ፣ ማኅበሩ ደጃፍ ላይ «ተፈቅዷል» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀሉ፤ ከዚያ ልብሳቸውን ለውጠው ሚስታቸውን ቀበሩ። ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ለዓመታት የጠበቀው በረዶ ላይ አንድ ሰው እንኳ ሳይወጣበት ዋለ። ዌልሙት መጥታ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር። ቤት ሳትገባ ሄደች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ዊብረን ወደ ሱቁ መጡ። በዚህ ጊዜ ምንጣፉ ላይ አልቆሙም። በቀጥታ ሄደው ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ሚንከ፣ ቀሪውን ፈልጊልኝ።»

«የምኑን ቀሪ?»

ከፈቱላት። ሲትስከ በጥሩው ሹራባቸው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ብርዱ አወሩ። ጎረቤት ውሻ እንደገዛና ውሻው ከባለቤቱ እንደሚሻል አወሩ። አባትሽ ዘንድሮ ከመሰርሰሪያው ጋር ነው የሚተኛው አሉ። ነገሩ ውስጥ መግባት ከብዷቸው ዙሪያውን ይዞሩ እንደነበር ያስታውቃል። ከዚያ ኩባያውን አንስተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ዌልሙት» አሉ፣ «ያን ቀን በሩ ላይ የተናገርኩሽን...»

እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ሚንከ የት መፈለግ እንዳለባት ታውቃለች። ከፍታ አየች። የቦታው መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ከሥሩ ያለው ሁሉ በረዶ ነው፤ ቦይ፣ ተረከዝ፣ ድንጋይ፣ ውሻ።

«ሞልቶ ነው» አለች። «ቦታ ሲያልቅበት መቅረጹን ያቆማል።»

«እሱማ ገባኝ። እኔ ነኝ ያጣበብኩበት። አሁን ትልቁን አምጪልኝ፣ ያንን በቀኝ ዳር ያለውን። ቀሪው ይግባበት።»

ሚንከ መጀመሪያ ምን እንዳሉ አልያዘችውም። ቆይቶ ገባት። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በቦይና በግድብ መካከል ነው። እዚያ አገር ውሃ መሄጃ ሲያጣ አይጠፋም፤ ከመዝጊያው ወዲያ ተከማችቶ ይቆያል፣ በሩ ሲከፈትለት ይመጣል። የሲትስከም ቃል አንድ ቦታ ቆሞ በር እየጠበቀ መስሏቸዋል።

ዮርን ከጓዳው በር ሆኖ ይሰማ ነበር። ከሽማግሌው ጀርባ በአገጩ ወደ ቀኝ ዳር ጠቆማት። ከሁሉ ውዱ እዚያ ነው ያለው።

«አይመጣም፣ ዊብረን» አለች ሚንከ። «የትም የለም። አልተቀረጸም። ትልቁን ቢገዙም አይመጣም።»

«ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ትንሹ ይበቃዎታል ስትዪኝም ታውቂ ነበር።»

በቁጣ አልነበረም። በረዶውን ለክተው ቁጥሩን እንደሚናገሩት ነው የተናገሩት። ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ዮርን መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ልክ አይደለሁም እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ። «እንዳልኩሽ ብታደርጊ ኖሮ የሴትዮዋ ቃል ሙሉውን ይኖር ነበር።»

ልክ ነበር። ያ ነው ሚንከን የከበዳት። ውሸት ነው እያለች ስትንቀው የኖረችው ደረጃ፣ እሷ እውነት በተናገረችበት ቀን እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ትንሹ ትንሽ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ እንዲሞላ ሆኖ ነው የተሠራው። ይህንንም ታውቅ ነበር። ዳሩ ግን ሌላው ሁሉ ይሞላበታል እንጂ እሳቸው ይሞላባቸዋል ብላ አላሰበችም።

ዊብረን ሚንከ በማትገባበት ቀን ተመልሰው መጡና ዮርን ትልቁን ሸጠላቸው። አልዋሻቸውም። ይመጣል አላለም። «ቦታው ሰፊ ነው» ብቻ ነው ያላቸው።

ከዚያ ሚንከ ቤት ደወሉ። የድሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ የሚያዛውርላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ እሑድ ደግሞ ዌልሙት ትመጣለች፤ እናትሽ የተወችልሽ ነገር አለ ብለው ጽፈውላት እሺ ብላለች። ሚንከ አልሄድም ለማለት አፍ አልነበራትም።

እሑድ ሄዳ ያው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጋ ሥራውን ጀመረች።

«እነዚህን የበረዶ ቪዲዮዎች ላጥፋቸው?»

«አታጥፊ» አሉ ዊብረን። «ምናልባት በመካከላቸው ይሆናል።»

በረዶው ሁሉ ተዛወረ። ቦዩ፣ ተረከዙ፣ ውሻው። ትንሹን ያጨናነቀው ያ ሁሉ በትልቁ ውስጥ አንድ ጥግ እንኳ አልሞላም።

ዌልሙት ስትመጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው የተቀመጠችው። አባቷ ሻይ ቀዱላት፣ ድፍኑን ስኳር ጨመሩላት፣ አዲሱን ስልክ ፊቷ አደረጉት። እናቷ ስለ ብርዱ ሲያወሩ አላየችም፣ መስኮት መስኮቱን ነበር የምታየው። ስለ መሰርሰሪያው ሲሉ ግን አፏ ጥግ ላይ ፈገግታ መጣ። ስሟ ሲጠራ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

ተቋረጠ። ጠበቀች።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ተናገረች» አሉ ዊብረን። «ብዙ ነው የተናገረችው።»

«ምን አለች?»

ዊብረን ወደ ሚንከ አዩ። ሚንከ ወደ ጠረጴዛው አየች።

«አባባ፣ አንተ እዚህ አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ። እሷን እያየሁ ነበር።»

«ታዲያ ንገረኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ነው ያለችው ወይስ ይቅር በዪኝ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ጨርቅ ዘርግተው ያዩታል። «ሁለቱንም መሰለኝ» አሉ።

«መሰለኝ?»

«እሷ ስትለው ግልጽ ነበር፣ ልጄ። ደህና ነገር ነው ያለችው። በእኔ አፍ ግን... እኔ ስናገረው የበረዶ ማስታወቂያ ይሆንብኛል።»

ዌልሙት አልተቆጣችም። ቢቆጡ ይሻል ነበር የሚባልበት ጊዜ አለ። ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች፣ ያቺን ቁራጭ ወደ ራሷ ስልክ እንድትልክላት ሚንከን ለመነቻት፣ አባቷን ጉንጫቸው ላይ ሳመች። በሩ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ አባቷም ተነሥተው ቆሙ፤ መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ አሏት። እሺ ብላ ሄደች። ለገና ካርድ ትልካለች፤ ለልደታቸው ትደውላለች፤ መጥታ ግን አታውቅም።

ሚንከ ሱቁን የለቀቀችው በዚያው ጸደይ ነው። በመጨረሻው ሳምንት አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች፣ መስኮቱ ላይ ያለውን ዋጋ አይታ ገባች። «ትንሹ ይበቃኛል?» ብላ ጠየቀቻት። ሚንከ ይበቃል ማለት አቃታት፣ አይበቃም ማለትም አቃታት። ዮርንን ጠራችው። እሱ የሚለውን ያውቃል።

ዊብረን የበረዶ አለቅነቱን ለጎረቤታቸው ልጅ አስረከቡ። ትልቁን ስልክ በየቀኑ ቻርጅ ያደርጉታል።

ሚንከ አሁን ከዶኩም ወጣ ብሎ ባለ የአይብ ፋብሪካ በማለዳው ፈረቃ አሻጊ ናት። የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዊብረን ቤት ሻይ ትጠጣለች።